እናቴ የጠፋችበት ስፌት

ድንጋይ ፎቶ ሲያነሱት አይንቀሳቀስም፣ ዓይኑን አይጨፍንም፣ «ወፍሬ ወጣሁ» ብሎ አይነጫነጭም። ከሰው ይልቅ ድንጋይ ማንሳት የመረጥኩት ለዚህ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ኮሌጅ ፓርክ በምትባል የሰው አገር ከተማ የሆቴል ሸትል መኪና እነዳለሁ። ሻንጣቸውን በቅጡ ሳይዘጉ የሚሮጡ፣ በስልክ እየጮኹ የሚሳፈሩ፣ ራሳቸው ለዘገዩት እኔን የሚቆጡ ሰዎችን ከሆቴል ኤርፖርት፣ ከኤርፖርት ሆቴል ሳመላልስ እውላለሁ። በስድስተኛው ቀን የሚንቀሳቀስ ነገር ማየት አልፈልግም። ትራይፖዴን፣ ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ መቆሚያ፣ መኪናው ኋላ ወርውሬ በኮንየርስ አቅጣጫ እወጣለሁ። እዚያ ጥድ መሀል ራቁቱን የተንጋለለ ሰፊ ግራናይት አለ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንስቼው አልጠገብኩትም።

እንዲህ ያለ ሰፊ ነገር በአንድ ፎቶ አይገባም። ሰፊ ሌንስ ገጥሞ መሞከር ይቻላል፤ ነገር ግን ተራራው ይሟሽሻል፣ ሰማዩ ብቻ ይተርፋል። እኔ የማደርገው ሌላ ነው። ካሜራውን በቁመቱ አቁሜ ከግራ ወደ ቀኝ እያዞርኩ አሥር፣ አሥራ ሁለት ፎቶ አነሳለሁ፤ እያንዳንዱ ፎቶ የቀደመውን አንድ ሦስተኛ ይደግማል። ከዚያ ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ እገጣጥማቸዋለሁ። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። ካሜራው በራሱ ወገብ ላይ ከዞረ ግን ቅርብ ያለው ዛፍና ሩቅ ያለው ዛፍ ከፎቶ ፎቶ ቦታ ይለዋወጣሉ፣ አልገጥምም ይላሉ። ያላመነኝ ሰው አውራ ጣቱን ከፊቱ አቁሞ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ዓይኑ ይየው፤ ጣቱ ይዘልበታል። ስለዚህ መዞር ያለበት ሌንሱ ውስጥ ባለች አንዲት ነጥብ ላይ ነው። ያቺን ነጥብ ለማግኘት ሁለት እርሳስ አቁሜ ሙሉ ቅዳሜ የፈጀሁበት ጊዜ ነበር። አሁን በእጄ ዳሰሳ አገኛታለሁ። ይህን ስጽፍ እየኮራሁ ነው፤ የሚያኮራ ነገር ስለሆነ ነው የኮራሁት።

ብርሃኑንም ለካሜራው ፈቃድ አልተውም። ካሜራ ለእያንዳንዱ ፎቶ የራሱን ብርሃን ልምረጥ ካለ ሰማዩ መስመር መስመር ይሆናል። አንዴ ለክቼ አስራለሁ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይነካም። ሁለት ፎቶ የሚገናኙበትን መስመር ደግሞ ስፌት እለዋለሁ። ስፌቱ በየት በኩል ይለፍ የሚለውን ፕሮግራሙ ራሱ ይመርጣል፤ እኔ ግን እሱ የመረጠውን እንዲሁ ተቀብዬ አላውቅም። አጉልቼ ከላይ እስከ ታች በዓይኔ እሄድበታለሁ፣ ካልጣመኝ በእጄ ወደ ሌላ ቦታ አዛውረዋለሁ። አንድ ሕግም አለኝ፦ በዚያ ዙር ያልተነሳ ነገር አልጨምርም። ሮዝዌል ውስጥ የአንድ ጥርስ ሐኪም መጠበቂያ ክፍል ሙሉ ግድግዳውን የሸፈነው የግራናይት ፎቶ የኔ ነው። ጥርሳቸውን ያመማቸው ሰዎች ጉንጫቸውን እንደያዙ ተነስተው ስፌቱን በጣታቸው ሲፈልጉ አይቻለሁ። አላገኙትም።

ይህን ሁሉ ሙያ እናቴ «ድንጋይ ማንሳት» ትለው ነበር። ከኮምቦልቻ መጥታ ሦስት ዓመት ከኔ ጋር ኖራለች። አገሯ እያለች ልብስ ሰፊ ነበረች፤ አራታችንን ያሳደገችን በእግር በምትረገጥ የስፌት መኪና ነው። እዚህ ሰው ስለኔ ሲጠይቃት «ልጄ ሾፌር ናት» ትላለች፤ ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ድንጋይም ታነሳለች» ትላለች፣ ሲጋራም ታጨሳለች እንደማለት። አንድ ቀን ትልቁን ፎቶ ወለሉ ላይ ዘርግቼ አሳየኋት። ከዳር እስከ ዳር አየችው።

«ሰው የለበትም?» አለች።

«የለበትም።»

«ታዲያ ማን ብሎ ያየዋል?»

«የሮዝዌል ሰዎች እያዩት ነው» አልኳት በንዴት።

«እነሱማ ጥርሳቸውን አሟቸው ነው» አለችና ወደ ኩሽና ገባች።

በረመዷን አጋማሽ አገሯ ልትገባ እንደወሰነች ነገረችኝ። የተጣላን እንዳይመስላችሁ። ጉልበቷ ደረጃ እየጠላ መጣ፣ እኔ የምውለው መንገድ ላይ ነው፣ እኅቷ ደግሞ ኮምቦልቻ ብቻዋን ቀርታለች። «ሳልወድቅ በእግሬ ልግባ» አለች። ቲኬቷ ከዒድ በኋላ ላለው ሁለተኛ ቅዳሜ ተቆረጠ። ተመልሳ እንደማትመጣ ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ አልተነጋገርንበትም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ይህን ያህል ድንጋይ ካነሳሽ፣ አንድ ቀን እኔን ከሰው ጋር አንሺኝ። እዚህ አገር ነበረች የሚባልበት ነገር ይኑረኝ» አለች።

በዚያው ሳምንት የመስጊዳችን ኮሚቴ ሊቀመንበር ደወሉልኝ። ሁላችን ሀጂ የምንላቸው፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሽማግሌ ናቸው። ለዒድ አዳራሹ ሰዉን ስለማይችለው ኮንየርስ አካባቢ የተገኘ ሰፊ ሜዳ ላይ ሊሰገድ ነው አሉኝ።

«የጥርስ ሐኪሙ ጋ የሰቀልሽውን አይቼዋለሁ» አሉ። «ሰዉን ከነሜዳው እንደዚያ ብታነሺልን፣ የአዳራሹን ረጅሙን ግድግዳ እንሰጠዋለን።»

«እርስዎ ካሉማ እሺ ሀጂ። አንድ ሰው ሳይጎድል አነሳዋለሁ» አልኳቸው።

ያቺን «አንድ ሰው ሳይጎድል» ማን ጠየቀኝ? ማንም አልጠየቀኝም። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ የተባለው ለኔ ነው።

አንድ ችግር ነበር። ዒድ ላይ ሁሉም ሰጋጅ ነው፤ ቆሞ የሚያነሳ ከየት ይመጣል? ሀጂ ይህን ሲያነሱ ትንሽ አመነቱ። እኔ ቀኔን ቆጥሬ ነበር። «ያን ቀን ሶላት አይኖርብኝም» አልኳቸው። ሴት ልጅ በየወሩ ያለባትን ነገር ሽማግሌ ፊት ከዚህ በላይ አትዘረዝርም፤ እሳቸውም ከዚህ በላይ አልጠየቁም። ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «አላህ ለሁሉም ምክንያት አለው» አሉና ወደ ፓርኪንጉ ጉዳይ ተሻገሩ።

ከፊት ቆሞ ማንሳት አይሆንም፤ በሰጋጅ ፊት አይታለፍም። ስለዚህ ከኋላ፣ ሜዳው ከፍ ከሚልበት ጉብታ ላይ እንዳነሳ ተስማማን። ሴቶቹም እሺ ያሉት ጀርባቸው ብቻ ስለሚታይ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ «የራሴን ጀርባ በምን አውቀዋለሁ?» አለች። እውነቷን ነው፣ ሰው ጀርባውን አያውቅም። ሻንጣዋን ስትበረብር ቆይታ አንድ ብርቱካናማ ሻሽ አወጣች፣ ከሩቅ የሚጮኽ ብርቱካናማ። «ይኼን ያላየ ዕውር ነው» አለች።

ዒዱ ረቡዕ ዋለ። በጠዋት ጉብታው ላይ ወጥቼ ትራይፖዴን ተከልኩ። ፀሐይዋ በቀኝ በኩል ከዛፎቹ በላይ ነበረች፤ ብርሃኑን ለክቼ አሰርኩ። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ለኔ ቀረብ ብለው ተሰለፉ። እናቴ በሴቶቹ የመጨረሻ ረድፍ፣ በቀኝ ጫፍ፣ ከዛፎቹ ጥላ አጠገብ ቦታ ያዘች፤ ለጉልበቷ ጫፍ ይሻላታል። ብርቱካናማውን አየሁና ልቤ ረጋ። ሀጂ በድምፅ ማጉያ «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ክፍተት አትተዉ፣ ክፍተት የሸይጣን በር ነው» እያሉ ይለምናሉ። የሶላት ረድፍ ትከሻ ለትከሻ ነው። መሀል ላይ ቦታ ክፍት ከሆነ፣ አጠገቡ ያለው ሰው ሶላት ከተጀመረ በኋላም ቢሆን አንድ ሁለት እርምጃ ተጠግቶ ይሞላዋል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ሺህ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ካሜራ ጀርባ ስቆም ግን ረሳሁት።

ሶላቱን የሚከፍተው ተክቢራ ተሰማ። ሜዳው ጸጥ አለ፣ ሰው ሁሉ እጁን አጣምሮ ቆመ። ከግራ ጀመርኩ። አነሳለሁ፣ ትንሽ አዞራለሁ፣ እስኪረጋ እጠብቃለሁ፣ አነሳለሁ። አሥራ ሁለት ፎቶ፤ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አልበለጠም። ነፋስ አልነበረም፣ ደመና አልነበረም። ሰጋጅ ሕዝብ ከድንጋይ አያንስም፣ ቁም ቢሉት ይቆማል ብዬ በልቤ አመሰገንኩ። እጄ እንደዚያ ጠዋት የታዘዘልኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሐሙስ ከሥራ መልስ ገጣጠምኩት። የወንዶቹን ረድፎች አንድ በአንድ አየሁ። ኮሚቴው እዚያ ነው፣ ሀጂ እዚያ ናቸው፣ መነጽር አድርገው ቀርበው የሚያዩት እሱን ነው ብዬ ነው። አንድ ሰውዬ ስፌት ላይ ሦስት እጅ አብቅሎ አገኘሁት፤ አንዱን ነሳሁት። ሰማዩን አየሁ፣ ፀሐይዋን አየሁ። የሴቶቹ ቀኝ ጫፍ ላይ ስደርስ ማተሚያ ቤቱ ሊዘጋ ነበር። ፕሮግራሙ የመረጠው ስፌት ከሩቅ ሲያዩት ንጹሕ ነው፣ ዛፉም ዛፍ ነው፣ አለፍኩት። አሥራ አንድ ዓመት ያላመንኩትን ያን ቀን አመንኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

እሑድ ከሰዓት በፊት ፎቶው በትልቅ ሸራ ታትሞ አዳራሹ ውስጥ ተሰቀለ። ሰው ጀርባውን ሲፈልግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት ታክሲ ነጂዎች በአንድ መላጣ ተከራከሩ፤ «ይኼ የኔ ነው»፣ «አይ፣ ያንተ ከዚህ ይሰፋል»። አንዲት ሴት «ወይ ጉድ፣ ይኼ ቀሚስ ከኋላ እንዲህ ነው እንዴ የሚሆነው? ማንም አይነግረኝም?» ብላ ባሏን ገላመጠችው። ሀጂ ከግድግዳው ራቅ ብለው ቆመው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያያሉ። እኔ ደግሞ እሳቸው አጠገብ ቆሜ፣ ትሕትና ፊቴ ላይ ለማምጣት እየታገልኩ ነበር።

ልጄም መጣች። እዚህ ተወልዳ እዚህ ያደገች ነርስ ናት፤ ለዒድ ኦፍ አልሰጧትም ነበር። አያቷን ክንዷን ይዛ ወደ ፎቶው አስጠጋቻት። እናቴ በቀኝ ጫፍ እንደነበረች ስለምታውቅ በቀጥታ ወደ ዛፎቹ ሄደች። ጣቷን ሸራው ላይ አሳረፈች። ጣቷ ወደ ግራ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ወደ ላይኛው ረድፍ ወጣ፣ እንደገና ወረደ።

«የት ነኝ?» አለች።

«ይኸው እኮ» ብዬ እየሳቅኩ ቀረብኩና ጣቴን ዘረጋሁ። ጣቴ የሚያርፍበት አጣ። ብርቱካናማ የለም። ዛፎቹ አሉ፣ ሰማያዊ የለበሰች ሴት አለች፣ ከሷ ቀጥሎ ሁለት መስገጃ ጎን ለጎን ሣሩ ላይ ተነጥፈዋል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ። ሁለቱም ባዶ ናቸው። አረንጓዴው የእናቴ ነው። ቀዩ የኔ ነው።

«ማሚ» አለች ልጄ በቀስታ፣ «አያቴ የለችም። ላይክ፣ ሲሪየስሊ፣ ቼክ አላደረግሽውም?»

ሀጂ መነጽራቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉ። «እነዚህ መስገጃዎች የማን ናቸው? ረድፉን ክፍት አድርገውታል እኮ» አሉ። ሰው ወደኛ መዞር ጀመረ። አፌን ከፈትኩ። ቃል ሳላወጣ እናቴ ቀደመችኝ።

«የኔ ጥፋት ነው ሀጂ» አለች። «አንጥፌ ለውዱእ ልታጠብ ብዬ ሄጄ ዘገየሁ። ልጄ ስታነሳ አልነበርኩም።»

እናቴ ውሸት አትዋሽም። መስጊድ ውስጥ ቆማ፣ ሽማግሌ ፊት፣ ለኔ ስትል ዋሸች። ዘወር ብላ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አየኋት፤ አላህን ይቅርታ እየጠየቀች ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይላሉ፤ የሰውን ሁሉ መላጣ ቆጥሬ የእናቴን ብርቱካናማ ሻሽ አጣሁት። ቅዳሜ ትሄዳለች።

ቤት እንደደረስን ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ስምንተኛውን ፎቶ አወጣሁ፤ እናቴ አለች። ብርቱካናማዋን አድርጋ አረንጓዴው መስገጃ ላይ ቆማለች፣ በግራዋ ያለው ቀዩ ባዶ ነው። ዘጠነኛውን አወጣሁ፤ አሁንም አለች። እዚህኛው ላይ ቀዩ ላይ ቆማለች፣ አረንጓዴው ባዶ ነው። በሁለቱ ፎቶ መሀል ሁለት እርምጃ ተራምዳለች። ፕሮግራሙ ስፌቱን በሁለቱ መስገጃዎች መሀል አሳልፎታል። ከስፌቱ ግራ ያለውን ከስምንተኛው ወሰደ፣ ያኔ ቀዩ ላይ ገና አልደረሰችም። ከስፌቱ ቀኝ ያለውን ከዘጠነኛው ወሰደ፣ ያኔ አረንጓዴውን ለቅቃለች።

እናቴ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ሁለቱን ፎቶ በተራ አሳየኋት።

«ሁለቱም ላይ አለሁ እኮ!» አለች።

«አለሽ።»

«ሁለት ቦታ ያለ ሰው እንዴት ይጠፋል?»

ሁለት ወረቀት አምጥቼ ጠርዝ በጠርዝ ደርቤ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ አየችው፣ ደረበቻቸው፣ ለያየቻቸው፣ እንደገና ደረበቻቸው። ሦስት ዓመት ስነግራት ያልገባት ነገር በአንድ ጊዜ ገባት፤ ዕድሜ ልኳን የሠራችው ሥራ ነዋ።

«ስንት ትርፍ ትተያለሽ?» አለች።

«አንድ ሦስተኛውን።»

«ይኼን ሁሉ? አባካኝ ነሽ።» ቀጥላ «ስፌቱንስ ማን ሰፋው?» አለች።

«ኮምፒውተሩ።»

«አንቺ አላየሽውም።»

«አላየሁትም እማዬ። ወንዶቹን አይቼ የእናንተን አለፍኩት።» እንባዬ መጣ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ አውቶቡስ የሚያህል መኪና እነዳለሁ፤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«አብሽሪ» አለችኝ። «ስፌት ሲበላሽ ይተረተራል እንጂ አይለቀስበትም።»

አፍንጫዬን ጠረግ አድርጌ፣ ከቅድም ጀምሮ ያልገባኝን ጠየቅኳት። «ያን ቀን እንደማልሰግድ እያወቅሽ የኔን መስገጃ ለምን አነጠፍሽ?»

«ሁለት ይዤ ነው የምወጣ» አለች፣ ምን የሚጠየቅ ነገር ነው በሚል ድምፅ። «ሦስት ዓመት ያንቺን ሳላነጥፍ የኔን አንጥፌ አላውቅም። እጄ ነው ያነጠፈው፣ እኔ አላሰብኩትም። ተክቢራ ተብሎ ስቆም ቦታሽ ክፍት ነው። ያቺ ሰማያዊ የለበሰችው ከኔ ራቀች። ክፍት አይተውም፤ ተጠጋሁና ሞላሁት።»

ያ ክፍተት የኔ ነበር። እናቴ የጠፋችው የኔን ቦታ ልትሞላ ስትራመድ ነው፤ እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ከኋላዋ ጉብታ ላይ ቆሜ ሕዝቡ እንደ ድንጋይ ቆመልኝ ብዬ ደስ ብሎኛል። እንደዚያ ወድጃት አላውቅም፣ እንደዚያም አፍሬ አላውቅም።

የቀረው ሥራው ነው፣ ሥራዬን ደግሞ አውቀዋለሁ። ስፌቱን ወደ ቀኝ ሳብኩት፤ እናቴ አረንጓዴው ላይ ወጣች፣ አጠገቧ የኔ ቦታ ተይዞልኝ ክፍት ሆኖ። ወደ ግራ ሳብኩት፤ እናቴ ቀዩ ላይ ወጣች፣ ከሰማያዊዋ ሴት ጋር ትከሻ ለትከሻ። ሁለቱም እውነት ነው፣ ከሕጌም አልወጣሁም። እኔ የፈለግኩት የመጀመሪያውን ነው። እናቴ ቦታ ይዛልኝ ቆማ ዕድሜ ልኬን ላያት ፈለግኩ።

«የቱ ይሁን?» አልኳት።

«ሶላቱን የሰገድኩት የት ነው?»

«ቀዩ ላይ።»

«እሱ ነዋ።»

«አረንጓዴው ባዶውን ይቀራል እኮ። ሀጂ ክፍተት ነው ይላሉ።»

«ጫፍ ላይ ያለ ባዶ ክፍተት አይባልም» አለች። «ዘግይቶ የሚመጣ ሰው ቦታ ነው።»

እጄ ላይ እጇን ጫነች፣ የኮምፒውተሩን ማውስ አብረን ያዝነው። ስፌቱን በሰማያዊዋ ሴት ጎን አወረድነው፣ በሣሩ ላይ እስከ ታች። እናቴ ትንፋሿን ይዛ ነበር። ስንጨርስ አፍንጫዋን ስክሪኑ ላይ ልታስነካ ምንም እስኪቀራት ተጠግታ ፈለገች፣ አላገኘችውም። «እሰይ» አለች። «ጠርዝ ቀምቃሚ ነሽ።» ልብስ ሰፊ ለልብስ ሰፊ ከዚህ በላይ የሚለው ነገር የለም።

ሐሙስ አዲሱ ተሰቀለ። ሀጂን ብቻቸውን አግኝቼ ጥፋቱ የኔ እንጂ የእናቴ እንዳልነበረ ነገርኳቸው። ሰምተው «እኔም ጠርጥሬ ነበር። እናትሽ ውዱእ የሚያዘገያት ሰው አይደለችም» አሉኝ። እናቴ ራሷን በአንድ ጣት፣ በአንድ ጊዜ አገኘች። ቆማ አየችው። ከዚያ ወደ ተበላሸው ሸራ ሄደች፤ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። ቦርሳዋ ውስጥ መቀስ ነበራት፤ ሁሌም አላት። ጫፉን ዘርግታ ሁለቱ ባዶ መስገጃዎች ያሉበትን አንድ ክንድ ያህል ቆርጣ አወጣች። «ይቺን እኔ እወስዳታለሁ» አለች። ማታውን ጠርዙን ዙሪያውን በእጇ ቀምቅማ ሻንጣዋ ውስጥ፣ ከልብሷ በላይ አስተኛቻት።

ቅዳሜ ኤርፖርት ያደረስኳት እኔ ነኝ። በየቀኑ የምነዳው መንገድ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ከሩቅ ተርሚናሉ ሲታይ «ይኼ ነው እንግዲህ የምትውዪበት» አለች። አዎ አልኳት። አረንጓዴውን መስገጃ ትታልኝ ሄደች።

የዐረፋ ዒድ ሲደርስ ኮሚቴው እንዳነሳ እንደገና ጠየቀኝ። «አሁን ሶላት አለብኝ ሀጂ» አልኳቸው፤ ካሜራውን ቤት ተውኩት። ሜዳው ላይ ወደ ሴቶቹ የመጨረሻ ረድፍ ቀኝ ጫፍ ሄጄ ቀዩን መስገጃዬን አነጠፍኩ። አረንጓዴውንም በግራዬ አነጠፍኩ። ልጄ ከሺፍት እንደወጣች በቀጥታ እመጣለሁ ብላኝ ነበር። በግራ በኩል የቆመችው ሴት ባዶውን አይታ «የሚመጣ ሰው አለሽ እኅቴ?» አለችኝ። «ትመጣለች» አልኳት። መንገዱን አየሁ፣ ፓርኪንጉን አየሁ። ሀጂ ጠጋ በሉ እያሉ ነው።

ተክቢራ ተባለ። አልመጣችም። ቦታው ክፍት ነው፣ ክፍት ደግሞ አይተውም። ሁለት እርምጃ ተጠግቼ የእናቴ መስገጃ ላይ ቆምኩ፤ ቀዩ ጫፍ ላይ ባዶውን ቀረ።

ለሶላቱ ሁለተኛ ረከዓ ስንነሳ ከኋላዬ በሣሩ ላይ የሩጫ ድምፅ ሰማሁ። አንድ ሰው በቀኜ መጥቶ ቆመ፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ የሆስፒታል ሳሙና ይሸታል። ዓይኔ መሬት ላይ ነበር፤ ቀዩ መስገጃ ላይ ነጭ የሥራ ካልሲ አየሁ። ዞር ብዬ አላየሁም፣ ሶላት ላይ ዞር አይባልም። እሷ ግን ጠጋ አለች።